ጆሮዬ የወደደውን አምፕ ግራፉ ጣለው፤ ማንን ልመን?

የማታ አድማጭ — ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ አንብቤ ነበር የምወጣው። አሁን ግን ከንክኖኝ ስለከረመ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እቤት ሦስት አምፕሊፋየር አለኝ። አንደኛው አዲስ የትራንዚስተር አምፕ ነው። ትንሽ ነው፣ አይሞቅም፣ የመለኪያ ሰዎችም ያሞግሱታል። ዲስቶርሽኑ፣ ማለትም በድምፁ ላይ የሚጨምረው መዛባት፣ 0.0005 ከመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛው ሃያ ዓመት ያገለገለ የትራንዚስተር አምፕ ነው። ሦስተኛው የቲዩብ፣ ማለትም በመስታወት ቫኩም ቱቦ የሚሠራ ነው። በቻናል 20 ዋት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሲሠራ ክፍሉን ጭምር ያሞቃል። የእሱ ዲስቶርሽን በ5 ዋት ላይ ግማሽ ከመቶ ይደርሳል። ከአዲሱ ጋር ሲተያይ ሺህ እጥፍ ማለት ነው።

ቅዳሜ ሌሊት ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ አንዲት ሴት በፒያኖ ብቻ ታጅባ የምትዘፍንበትን ቅጂ ከፈትኩ። መጀመሪያ በአዲሱ አምፕ ሰማሁት። ንጹሕ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ከዚያ ገመዱን ነቅዬ ወደ ቲዩቡ አዞርኩት። ሴትዮዋ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣች። ዘፈኑን ከመጀመሯ በፊት የምትስባት ትንሽ ትንፋሽ አለች፤ እሷን እዚያው ፊቴ ሰማኋት። የፒያኖው የግራ እጅም ሥጋ ለበሰ። ቁጭ ማለቱን ረስቼ ቆሜ ነው ጨርሼ የሰማሁት።

ይህንኑ ሌላ ቦታ ስጽፍ “ምናብህ ነው” ተባልኩ። አንዱ የአምፖቹን ዲስቶርሽን የሚያሳይ ግራፍ ለጥፎልኝ ሄደ። ግራፉ ውሸት ነው አላልኩም። ግን ግራፉ ትክክል ከሆነ እኔ ያን ሌሊት ምንድን ነው የሰማሁት?

ድግግሞሽ — ሰኞ ማታ

ወንድም፣ አትቀየመኝ። ጆሮህን ለመንቀፍ አይደለም። ግን ሙከራህ ብዙ ቀዳዳ አለው።

የድምፁን ከፍታ በምን አስተካከልክ? ቮልዩሙን በግምት ካዞርከው አልተስተካከለም ማለት ነው። ሁለት አምፕ በግማሽ ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ቢለያዩ ጆሮህ “ይኼኛው ጮኸ” አይልህም። “ይኼኛው ጠራ፣ ባሱ ሞላ፣ ድምፃዊቷ ቀረበች” ነው የሚልህ። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ጆሮ ለባስ ያለው ስሜት ከድምፁ ከፍታ ጋር ይቀያየራል። ትንሽ ከፍ ያለው ሁሌም የሞላ ይመስላል።

ደግሞ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ታያለህ። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱል እና ሾን ኦሊቭ በ1994 ባቀረቡት ጥናት 40 ሰዎች ያንኑ ስፒከር አንዴ እያዩት፣ አንዴ በመጋረጃ ተጋርዶ ሰምተው ነጥብ ሰጡ። ነጥቦቹ አልገጠሙም። ግዙፉና የሚያምረው ስፒከር ሲታይ ነጥቡ ከፍ አለ፤ ሲጋረድ ወረደ። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ሰው ስንባል እንዲህ ነን። አንተ ደግሞ በጨለማ የሚያበራ የቲዩብ አምፕ ፊት ነበርክ።

ገመዱን ለመንቀልና ለመሰካትስ ስንት ደቂቃ ፈጀብህ? የድምፅ ትዝታ ጥቃቅኑን ነገር ይዞ የሚቆየው ለሴኮንዶች ነው።

ሪቻርድ ክላርክ የሚባል የመኪና ኦዲዮ ባለሙያ ለዓመታት 10,000 ዶላር አስይዞ ነበር። ሁለት አምፕ ይመጣጠናሉ፣ አንተ ሳታይ ትሰማለህ፣ 24 ጊዜ ተሞክረህ 24ቱንም ከለየህ ገንዘቡ ያንተ ነው። ብዙ ሰው ሞከረ። የወሰደ ግን የለም። የእኔ እምነት ግልጽ ነው፤ ከአቅሙ በላይ እስካልተገፋ ድረስ ደህና የተሠራ አምፕ የራሱ የሆነ ድምፅ የለውም።

ቪኒል ቤት — ሰኞ፣ እኩለ ሌሊት

ሙዚቃ የተሠራው ለጆሮ ነው። ኦሲሎስኮፕ አልቅሶ አያውቅም። የማታ አድማጭ፣ የሰማኸውን ሰምተሃል፤ ማንም ሊነጥቅህ አይችልም።

ጋሼ ካውያ — ማክሰኞ ጠዋት

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። አርባ ዓመት አምፕ ስጠግን ኖሬአለሁና ትንሽ ልበል።

አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ አምፑን ታቅፎ መጣ። “ጮክ ብዬ ስከፍተው ደህና ነው። ማታ ዝቅ አድርጌ ስሰማ ግን ፒያኖው ይሻክረኛል” አለኝ። በሙሉ ኃይሉ ለካሁት። 0.05 ከመቶ! ፋብሪካው ከጻፈው አልወጣም። ሰውየው ተሳስቷል ብዬ ልመልሰው ነበር። ግን ፊቱ ላይ የነበረው ነገር አላስቻለኝም። ወደ አንድ አሥረኛ ዋት አወረድኩትና ዋናውን ሲግናል አጥፍቼ የተረፈውን ዲስቶርሽን ብቻ በስኮፑ አየሁ። ሞገዱ ዜሮን ባለፈ ቁጥር እንደ እሾህ ብቅ የምትል ስለታም ጫፍ አለች። ቢያሱን፣ ማለትም ትራንዚስተሮቹን ሁሌ በጥቂቱ የሚያነቃቸውን ጅረት፣ ብለካው በኤሚተር ሬዚስተሩ ላይ 2 ሚሊቮልት ብቻ አነበብኩ። ወደ 20 ሊጠጋ ይገባ ነበር። የማስተካከያዋ ፖቴንሽዮሜትር ቆሽሻ ነው። አጠብኳት፣ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፀጉር ታህል አዞርኳት። እሾሁ ሟሸሸና ጠፋ።

ያ ደንበኛ ሞገዱ ዜሮን ሲያልፍ ስለሚፈጠረው ክሮስኦቨር ዲስቶርሽን በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ጆሮው ግን ከእኔ መለኪያ ቀድሞ ደረሰበት። ጥፋቱ የመለኪያው አልነበረም፤ የእኔ ነው። የለካሁት ሰውየው የማይሰማበትን ቦታ ነበር። እንዲህ ያለ ዲስቶርሽን ድምፁ ሲወርድ አብሮ አይወርድም፤ ስለዚህ ዝቅ ባልክ ቁጥር ድርሻው ይገዝፋል።

ይኼ ነገር በ1960ዎቹም ሆኗል። የትራንዚስተር አምፖች መጀመሪያ ሲወጡ ወረቀታቸው ያማረ ነበር፤ ጆሮ ግን ሻከረኝ አለ። ጎርደን ሆልት በ1962 ስቴሪዮፋይል የተባለውን መጽሔት የመሠረተው መሣሪያ እየሰማን እንፍረድ ብሎ ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ ማቲ ኦታላ የተባለ ፊንላንዳዊ መሐንዲስ ፊድባክ (ውጤቱን ወደ መግቢያው መልሶ ስህተቱን ማረሚያ) የበዛበት ግን ዘገምተኛ የሆነ አምፕ ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣበት እንዴት እንደሚዛባ አሳየ። ጆሮ ጠየቀ፣ መለኪያው እያደር መለሰ። አንዱ ሌላውን የሚያባርርበት ምክንያት አይታየኝም።

ግማሽ ከመቶ የሚለውም ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። የቢቢሲው መሐንዲስ ሾርተር በ1950 ሃርሞኒኮቹን፣ ማለትም የዋናው ድምፅ ብዜት ሆነው የሚጨመሩትን ድምፆች፣ እኩል አትቁጠሩ ብሎ ነበር። ሁለተኛውን በ1 ካባዛህ ሦስተኛውን በ2.25፣ አምስተኛውን በ6.25፣ ሰባተኛውን በ12.25 አባዛ አለ። ከፍ ያሉት ሃርሞኒኮች ናቸው ጆሮ ላይ የሚቆረቁሩት። ሁለተኛው ግን ዋናው ድምፅ ጥላ ሥር ተሸሽጎ ይቀራል። ጌዲስና ሊ የተባሉ ተመራማሪዎችም በ2003 ሰዎችን አስደምጠው ተራው የዲስቶርሽን ከመቶ ቁጥር ሰው ከሚሰማው ጋር እንደማይዛመድ አሳይተዋል። መለኪያን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ የማታ አድማጭ። እስካሁን ያልተጠየቅከውን ልጠይቅህ። ስፒከርህ ምንድን ነው? የኢምፔዳንሱ፣ ማለትም በየፍሪኩዌንሲው ለጅረቱ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ግራፍ አለህ?

የማታ አድማጭ — ማክሰኞ ቀን

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለ ሁለት ድራይቨር ነው፤ ከፊት ለፊቱ የባስ ቀዳዳ አለው። ጀርባው ላይ 8 ኦም ይላል። አንድ መጽሔት የለካውን አገኘሁ። 180 ኸርዝ አካባቢ ወደ 4 ኦም ይወርዳል። 2,000 ኸርዝ አካባቢ ወደ 20 ኦም ይወጣል። ባሱ ላይም ሁለት ጉብታ አለው።

ጋሼ ካውያ — ማክሰኞ ማታ

በቃ፣ ሴትዮዋን ያመጣልህን አገኘነው መሰለኝ።

የቲዩብ አምፕ በውጤት በኩል የራሱ ኢምፔዳንስ አለው። ያንተን የመሰለው ወደ 2 ኦም ይጠጋል እንበል። ጥሩ የትራንዚስተር አምፕ 0.05 ኦም አይሞላም። ይህች ኢምፔዳንስ ከስፒከሩ ጋር በተከታታይ የገባች ሬዚስተር ማለት ናት። ቮልቴጁን ትካፈለዋለች።

እናስላው። ስፒከሩ 4 ኦም በሆነበት ቦታ የሚደርሰው ከ6 እጅ 4ቱ ነው፤ 3.5 ዲሲቤል ጠፋ። 20 ኦም በሆነበት ቦታ ከ22 እጅ 20ው ይደርሳል፤ 0.8 ዲሲቤል ብቻ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ 2,000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ከ180ው አንጻር በ2.7 ዲሲቤል ከፍ ብሎ ይወጣል። በትራንዚስተሩ ያው ስሌት 0.1 ዲሲቤል አይሞላም።

2,000 ኸርዝ አካባቢ ምን አለ? የሰው ድምፅ ግልጽነት፣ የተነባቢው ጥራት፣ ትንፋሹ። ባሱ ላይ ባሉት ጉብታዎችም ያው ነገር ስለሚሆን የፒያኖው ግራ እጅ ይሞላል። ሥጋ ለበሰ ያልከው እሱን ይሆናል።

ድግግሞሽ ልጄ፣ ስለ ክላርክ ውርርድ ያልከው እውነት ነው። ግን ሕጉን እስከ መጨረሻው አንብበው። የሁለቱም አምፖች የፍሪኩዌንሲ ሚዛን አንድ እንዲሆን ይደረግ ነበር። ይህ ማለት የቲዩቡ ዋና ልዩነት ውድድሩ ሳይጀመር ተወስዷል። ውርርዱ ያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ ሚዛኑና ከፍታው ከተስተካከለ ሰው የሚይዘው ነገር እንደማይተርፍ።

ድግግሞሽ — ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። የጻፍኩት መስመር ተስቷል። የአምፑን ዲስቶርሽን ብቻ ተመልክቼ ከስፒከሩ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ሳላሰላ መለስኩ። የማታ አድማጭ፣ “ምናብ” ያሉህን ሰዎች ደግፌአለሁና ይቅርታ።

ግን አንድ ነገር አልለቅም። የሰማኸው በእርግጥ ይሄ መሆኑን እስካሁን አላወቅንም። 2.7 ዲሲቤል ሊሰማ ይችላል። ሌሊቱ፣ ብርሃኑ፣ የቮልዩሙ አለመመጣጠንም ሊሆን ይችላል። መለየት የሚቻለው በሙከራ ነው።

አዲስ ገቢ — ረቡዕ ጠዋት

ዲሲቤሉ ግራ ገባኝ። 1 ዲሲቤል ትልቅ ነው ትንሽ?

ድግግሞሽ — ረቡዕ ጠዋት

በኃይል 3 ዲሲቤል እጥፍ ነው፣ 10 ዲሲቤል አሥር እጥፍ ነው። 1 ዲሲቤል 26 ከመቶ ጭማሪ ነው። ለንጽጽር የምናመጣጥነው እስከ 0.1 ዲሲቤል ነው። በቮልት ሲታይ አንዱ 1.000 ካነበበ ሌላው ከ0.989 እስከ 1.012 ውስጥ መግባት አለበት ማለት ነው። ይህንን ጆሮ አያስተካክለውም፤ ሜትር ብቻ ነው የሚያስተካክለው።

ዲስቶርሽንንም እንዲሁ ቀይረው። 0.1 ከመቶ ከዋናው ድምፅ በ60 ዲሲቤል ዝቅ ያለ ነው፣ 0.001 ከመቶ በ100 ዲሲቤል።

ፀጥታ — ረቡዕ ማታ

ሰላም። የምሠራው የድምፅ ቅይጥ ነው። ቀኑን ሙሉ በጆሮዬ እየፈረድኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጆሮን አልንቅም። ግን ጆሮዬ ስንት ጊዜ እንዳታለለኝም አውቃለሁ። አንድ ቀን ሃያ ደቂቃ ሙሉ የአንድን ድምፃዊ ኢኩዋላይዘር ሳስተካክል ቆየሁ። እየተሻለ፣ እየጠራ መጣ። ኋላ ሳይ ማብሪያው ጠፍቶ ነበር። ምንም አልነካሁም ማለት ነው። መሻሻሉን ግን በእርግጠኝነት ሰምቼው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ትልቅ ውሳኔ ሲሆን ሳላይ እሰማለሁ።

የማታ አድማጭ፣ ወንድሜ፣ እንዲህ ሞክረው። ኤቢኤክስ ይባላል። በቤል ላብ የምርምር ማዕከል ማንሰንና ጋርድነር በ1950 ጽፈውበታል፤ ዴቪድ ክላርክ ደግሞ በ1982 ለኦዲዮ መሣሪያዎች የሚሆን መቀያየሪያ አድርጎ አቀረበው። ሀን ትሰማለህ፣ ለን ትሰማለህ፣ ከዚያ ያልታወቀው ይመጣል። ያልታወቀው ሀ ነው ወይስ ለ? የምትመልሰው ይህንን ብቻ ነው። “የቱ ይሻላል?” አትባልም። አንድ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ሳንቲም ይጣል፣ ይቀይር፣ ይመዝግብ። አይናገርህ፤ ፊቱንም አታይ።

16 ጊዜ አድርገው። በግምት ብቻ 12 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል 4 ከመቶ አይሞላም። 9 ወይም 10 ብታገኝ ግን ሳንቲሙም ያገኘዋል።

ለሁለቱ ትራንዚስተሮች 200 ኸርዝ ድምፅ አጫውተህ በስፒከሩ ተርሚናል ላይ ቮልቱን አመጣጥን። ተራው ሜትር ከጥቂት መቶ ኸርዝ በላይ ይዋሻል፣ ከፍ አታድርግ። ለቲዩቡ ግን አንድ ድምፅ አይበቃም፤ የትኛውን ፍሪኩዌንሲ እንደመረጥክ ከፍታው ይቀየራል። ፒንክ ኖይዝ (ሁሉም ፍሪኩዌንሲ ያለበት ጫጫታ) አጫውትና ለዚያ በሚሆን ሜትር ለካው።

ጋሼ ያሉትን ሳነብ ደግሞ አምፕ ሠሪው ቦብ ካርቨር ትዝ አለኝ። በ1985 ከስቴሪዮፋይል ጋር ተወራርዶ፣ የራሱን የትራንዚስተር አምፕ መጽሔቱ የመረጠውን ውድ የቲዩብ አምፕ አስመስለዋለሁ አለ። ሆቴል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የአንዱን ውጤት ከሌላው እየቀነሰ የተረፈውን ብቻ ሰማ። የተረፈው በ70 ዲሲቤል ገደማ ዝቅ እስኪል ክፍል በክፍል ቀያየረ። በመጨረሻ የመጽሔቱ ሰዎች መለየት አቃታቸው። ያ ሙከራ ሁለቱንም ወገን የሚያስከብር ነው። ልዩነት እንደነበረ ተቀብሎ ነው የጀመረው፤ ምን እንደሆነ በመለኪያ አገኘው፤ የመጨረሻውን ፍርድ ለጆሮ ሰጠ።

ጋሼ ካውያ — ረቡዕ ማታ

እህቴ ፀጥታ ጥሩ ብላለች። ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የቲዩብ አምፕ ስፒከር ሳይገናኝበት ሲግናል አይሰጠውም። የአውትፑት ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ስለዚህ አምፖቹን የሚቀያይረው ማብሪያ ወደ ሌላው አምፕ ሲዞር ቲዩቡ 8 ኦም ሬዚስተር ላይ ይረፍ። ሁለት አምፕ ደግሞ ለቅጽበት እንኳ እርስ በርስ እንዳይነካካ። ማብሪያው አንዱን ለቅቆ ነው ሌላውን መያዝ ያለበት። ፖዘቲቩንም ኔጌቲቩንም አብሮ የሚቀይር ይሁን።

ቪኒል ቤት — ሐሙስ ቀን

እኔ ግን እዚህ ጋ አልስማማም። ሰው እየተፈተነ ሙዚቃ አይሰማም። እኔ አንድን አምፕ የማውቀው አብሬው ስከርም ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ድካም ይሰማኛል፣ ወይም ሳላስበው ሌሊቱ ይነጋብኛል። ይህንን በ30 ሴኮንድ ቁርጥራጭ ታገኙታላችሁ?

ፀጥታ — ሐሙስ ማታ

ወንድሜ፣ ያልከውን በቁም ነገር ነው የምወስደው። ድካሙ እውነት ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ግን ሳያዩ መስማት የጊዜ ገደብ የለውም። አንድ ሰው አምፑን በጨርቅ ይሸፍንልህ። ሳምንቱን ሙሉ ስማ። እሑድ ሳንቲም ጥሎ ይቀይርልህ ወይም ይተወው። በሚቀጥለው እሑድ “ይኼ ያው ነው” ወይም “ተቀይሯል” በል። ይረዝማል እንጂ ይሆናል። የምንሸፍነው ስሙን ነው፤ ሙዚቃው፣ ሶፋው፣ ሌሊቱ እንዳለ ነው።

ቪኒል ቤት — ሐሙስ ማታ

ይህንን አላሰብኩትም ነበር። እሞክረዋለሁ።

የማታ አድማጭ — እሑድ ማታ

ሠራሁት። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

ታናሽ ወንድሜ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነ። ሳንቲሙን ጨርቅ ላይ ነው የሚጥለው፣ ድምፁ እንዳይሰማኝ። ማብሪያውም ወደ የትም ቢዞር አንድ ዓይነት “ቀጭ” ነው የሚለው፤ አስቀድሜ አረጋግጫለሁ። ቮልቱን ሳስተካክል ያየሁትን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ሌሊት ያደረግሁትን የቮልዩም ቦታ አስታውሼ ብለካው ቲዩቡ ከአዲሱ በ1.4 ዲሲቤል ከፍ ብሎ ነበር። ድግግሞሽ፣ ይሄኛው ቀዳዳ እውነት ነበር።

መጀመሪያ ሁለቱን ትራንዚስተሮች አወዳደርኩ። አዲሱንና የሃያ ዓመቱን። እያየሁ ስሰማ አሮጌው “ትንሽ ጭጋግ አለበት” ብዬ ለዓመታት አምኛለሁ። ሳላይ 16 ጊዜ ሰማሁ። 9 አገኘሁ። ከአምስተኛው በኋላ ጭጋጉን ብፈልገው፣ ብፈልገው የለም።

ከዚያ ቲዩቡንና አዲሱን። ከፍታቸው ተመጣጥኗል። 15 አገኘሁ። አንዷን የሳትኩት ደክሞኝ ቸኩዬ ነው። ትንፋሿን ብቻ ነበር የምጠብቀው። ትንፋሿ ከቀረበች ቲዩብ ነው፣ ከራቀች አዲሱ ነው። አሥረኛው ላይ ወንድሜ ከመጋረጃው ጀርባ ዝም ማለት አቅቶት ሲስቅ ሰማሁት።

ምናብ አልነበረም። ያን ስጽፍ ጉሮሮዬ ይተናነቀኛል።

ቪኒል ቤት — እሑድ ማታ

አላልኳችሁም!

ድግግሞሽ — እሑድ ማታ

እንኳን ደስ ያለህ። 15 ከ16 በዕድል አይመጣም። አሁን የመጨረሻዋን አድርግልኝ። ከአዲሱ አምፕ ፖዘቲቭ ላይ 2 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አግባ። ባለ 25 ዋት፣ በሽቦ የተጠቀለለ ይሁን። ፒንክ ኖይዙን አጫውተህ ከፍታውን እንደገና አመጣጥን። ከዚያ ከቲዩቡ ጋር አወዳድረው። የጋሼ ስሌት ልክ ከሆነ ልዩነቱ መጥፋት አለበት። ቲዩቡ ሌላ ነፍስ ካለው ግን አሁንም ትለየዋለህ።

የማታ አድማጭ — ረቡዕ ማታ

ሬዚስተሯ ከጣቴ አትረዝምም። ነጭ የሴራሚክ ገላ አላት። በሁለት የገመድ መቆንጠጫ አያይዤ አገባኋት፣ አመጣጠንኩ፣ ተቀመጥኩ።

አዲሱን አምፕ ስከፍተው ሴትዮዋ ወደ እኔ መጣች። ያችው እርምጃ። ያችው ትንፋሽ። ቀዝቃዛ ነው ብዬ የተውኩት አምፕ ነው።

ሳላይ 16 ጊዜ ሰማሁ። 10 አገኘሁ። የመጨረሻዎቹን ስድስት በግምት ነው የመለስኩት፤ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

ከዚያ ወንድሜ “ጮክ አድርገነው እንሞክር” አለ። ያን ፒያኖ በኃይል የሚመታበትን ክፍል ከፈትን። እንደገና 16 ጊዜ። አሁን 13 አገኘሁ። ጠንካራው ምት ላይ ቲዩቡ ጠቅለል፣ ለስለስ ይላል። አዲሱ እንዳለ ይመታል።

ጋሼ ካውያ — ሐሙስ ጠዋት

ያ ክሊፒንግ ነው ልጄ። ሙዚቃው በአማካይ 1 ዋት ሲፈልግ በ20 ዲሲቤል የሚዘል ምት 100 ዋት ይጠይቃል። ያንተ ቲዩብ 20 ነው ያለው። ጫፉን ቀስ እያለ ያለዝበዋል። አዲሱ ገና ቦታ አለው። በስኮፕ ብታየው አናቱ ክብ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ስለዚህ ጆሮህ ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ ሬዚስተሯ የሠራችው ነው፣ ሌላው የኃይሉ ማለቅ። ሁለቱም ይለካሉ። ሁለቱም ግን በዚያ በለጠፉልህ ግራፍ ላይ አልነበሩም፤ ግራፉ የተወሰደው በ5 ዋት፣ በንጹሕ 8 ኦም ሬዚስተር ላይ ነው። ስፒከር ሬዚስተር አይደለም።

አዲስ ገቢ — ሐሙስ ቀን

ታዲያ የትኛውን ልታስቀር ነው?

የማታ አድማጭ — ሐሙስ ማታ

ቲዩቡን እወደዋለሁ፣ አልሸጠውም። በማታ፣ ዝቅ አድርጌ፣ ለድምፃውያን። አሮጌውን ትራንዚስተር ለወንድሜ ሰጠሁት፤ ስሰጠው ጭጋግ አለበት አላልኩትም።

አሁን የሚያጓጓኝ ሌላ ነገር አለ። አንድ ጓደኛዬ ኢምፔዳንሱ ከ7 እስከ 9 ኦም ብቻ የሚወዛወዝ ስፒከር አለው። ቅዳሜ ይዞልኝ ይመጣል። በዚያ ላይ ቲዩቡንና አዲሱን፣ ያለ ሬዚስተር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ላወዳድር ነው።

ጋሼ ካውያ — ሐሙስ ማታ

በዚያ ስፒከር ላይ ያለው የሚዛን ልዩነት ግማሽ ዲሲቤል አይሞላም። 0.44 አስልቼዋለሁ። 12 አትደርስም እላለሁ።

ድግግሞሽ — ሐሙስ ማታ

እኔም አትደርስም እላለሁ። ግን 0.44 ሰፊ ቦታ ላይ ከተዘረጋ የሠለጠነ ጆሮ ሊይዘው ይችላል፤ ስለዚህ አልምልም።

ቪኒል ቤት — ሐሙስ ማታ

ትለየዋለህ። ያንኑ ዘፈን ተጠቀም፤ ትንፋሿን ጠብቅ። እኔም ቅዳሜ አምፔን በጨርቅ ሸፍኜ እጀምራለሁ።

ፀጥታ — ሐሙስ ማታ

የማታ አድማጭ፣ ውጤቱን ከማየትህ በፊት 16ቱንም መልስ ጻፍና እዚህ ለጥፍ። የወንድምህን መዝገብ ከዚያ በኋላ እናየዋለን።

የማታ አድማጭ — ቅዳሜ ማታ

ጨረስኩ። ሀ፣ ሀ፣ ለ፣ ሀ፣ ለ፣ ለ፣ ለ፣ ሀ፣ ለ፣ ሀ፣ ሀ፣ ለ፣ ሀ፣ ለ፣ ለ፣ ሀ። ወንድሜ መዝገቡን ይዞ እየመጣ ነው።